የወገብ ነርቭ ሲጠረጠር ጭንቀቱንስ ማን ይጠይቅ? 34 መልስ የተሰጠበት ክር

ሰሞኑን በጤና መድረካችን የተከፈተ አንድ ክር ብዙ ሰው አከራክሯል። ረጅም ነው። መሐሉም ወጣ ያለ ወሬ ስለበዛበት ሁሉም ሰው እስከ መጨረሻው የሚያነበው አይመስለኝም። ቁም ነገሩ ግን እንዲያልፋችሁ አልፈልግም። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ እንዲህ ዓይነት ታማሚ በየቀኑ አያለሁ። ስለዚህ ክሩን በቅደም ተከተሉ ልተርክላችሁ። የሚመስለኝንም በየመሐሉ ጣል አደርጋለሁ።

ክሩን የከፈተችው እህት የጻፈችው ስለ ታላቅ ወንድሟ ነው። አርባዎቹን የጀመረ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ከወገቡ ተነስቶ በቀኝ እግሩ የውጭ ጎን እስከ አውራ ጣቱ የሚወርድ ሕመም ይዞታል። ይለበልበዋል፣ ይቆረጥመዋል፣ ሲያስል ደግሞ ይነዝረዋል። ኤምአርአይ ተነሳ። ውጤቱ ላይ የታችኛው ወገብ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሐል ያለው ትራስ) ወደ ኋላ እንደወጣና ነርቭ ሳይጫን እንዳልቀረ ተጽፏል። አንዱ ሐኪም ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ እንደሚችል ነገረው። ሌላው ደግሞ ፊልሙ ላይ ያለው ነገር ይህን ያህል እንደማያሳምም፣ ችግሩ ጭንቀት እንደሚመስል ነግሮ ወደ ሥነ አእምሮ ክፍል ጻፈለት። ሰውየው ክፉኛ ከፋው። የተጻፈለትን ወረቀት በሩ ላይ ቀዶ ጣለው። ከዚያ ወዲህ መኪናዋን ለሌላ ሾፌር ሰጥቶ ቤት ውሏል። ቀኑን ተኝቶ ያሳልፋል። ማታ ማታ የኤምአርአዩን ወረቀት አውጥቶ ቃላቱን አንድ በአንድ በስልኩ ይፈልጋል። የእህትየው ጥያቄ አጭር ነበር። ነርቩ ነው ወይስ ጭንቀቱ? የትኛውን ሐኪም እንመን?

ቁጥር 1 ምሕረት ተመኘላት። ቁጥር 2 በቀጥታ ወደ ማስጠንቀቂያ ገባ፤ ወገቡን ቢላ የነካው ሰው ዳግም እንደማይቆም ጻፈ። ቁጥር 3 ይህን ደግፎ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከዊልቸር ያልወረዱ አንድ ጎረቤቱን አነሳ። ሰውየው ምን በሽታ እንደነበረባቸው ግን አልጻፈም። እንዲህ ዓይነት ወሬ የሌለበት ሰፈር የለም። ታማሚ ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት ይህን ጠግቦ ነው የሚመጣው። እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹን ከሕመሙ እኩል የሚያሰቃያቸው ይኸው ፍርሃት ነው።

ቁጥር 4 ላይ ክሩ ነፍስ ዘራ። የጻፈው የነርቭ ቀዶ ሕክምና እየተማረ ያለ ሐኪም (ሬዚደንት) ነው። መልስ ከመስጠቱ በፊት ጥያቄ አስቀደመ። ወንድምሽ በተረከዙ ብቻ መራመድ ይችላል ወይ? በእግሩ ጣቶችስ? የቀኝ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አንስቶ አንቺ በጣትሽ ብትጫኝው ይቋቋማል ወይ? የሚለበልበው በየት በየት በኩል ነው? የሚደነዝዘውስ? እነዚህን የጠየቀበትን ምክንያትም አስረዳ። ወደ እግር ጀርባና ወደ አውራ ጣት የሚሄደው አምስተኛው የወገብ ነርቭ ነው፤ አውራ ጣትን የሚያነሳው ጡንቻ የሚታዘዘው በዋናነት በእሱ ነው። ከእሱ በታች ያለው ወደ ትንሿ ጣት በኩል ይወርዳል፤ በጣት መቆምና የተረከዝ ጅማት ሲመታ የሚታየው ንዝረት የሱ ነው። ከላይ ያለው አራተኛው ደግሞ በቅልጥም ውስጠኛ ጎን ይወርዳል፤ ጉልበት ሲመታ የሚፈናጠረው እግር ስለ እሱ ይናገራል። ሕመሙ፣ ድንዛዜውና ድካሙ በአንድ ነርቭ መንገድ ላይ ከተገናኙ፣ ፊልሙም በዚያው ጎንና በዚያው ደረጃ ላይ ካሳየ፣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ካልተገናኙ ፊልሙ ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ሐኪሙ በዚያው ጽሑፍ አንድ ጥብቅ ነገር አከለ። ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ካመለጠ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮች በአንዴ ከታመሙ ወይም ከደከሙ፣ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ግድ ነው። በታችኛው ወገብ ያለው የነርቮች ጥቅል እየተጫነ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ሰዓት ይቆጠራል፤ ስለ ጭንቀት የሚወራበት ጊዜ አይደለም። ይህን ደግማችሁ አንብቡት። ከክሩ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ቁጥር 5 አመሰገነ። ቁጥር 6 ኤምአርአይ የት እንደሚረክስ ጠየቀ፤ ማንም አልመለሰለትም።

ቁጥር 7 እና ቁጥር 8ን አንድ ላይ ማንበብ ይሻላል። ቁጥር 7 በትህትና የጻፈች የጤና መኮንን ናት። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ ወገባቸውን ጨርሶ የማያማቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ ተነስተው እንደነበር አስታወሰች። ከነሱ 52 በመቶው ላይ ቢያንስ አንድ ዲስክ አብጦ ታየ። 27 በመቶው ላይ ደግሞ ወደ ውጭ የገፋ ዲስክ ተገኘ። ሁሉም ጤነኞች ነበሩ። ስለዚህ ወንድምየው ማታ ማታ የሚያነባቸው ቃላት በብዙ ጤነኛ ሰው ወረቀት ላይም እንዳሉ ይወቅ ነው የምትለው።

ቁጥር 8 ፊልም የሚያነብ የራዲዮሎጂ ሐኪም ነው። አላጣላትም፤ ነገር ግን አረማት። በዚያው ጥናት ላይ ዲስኩ ተቀዶ ውስጡ የወጣበት ሰው 1 በመቶ ብቻ እንደነበር ጠቀሰ። እብጠትና መውጣት አንድ አይደሉም፤ ሁሉም ሰው ላይ አለ ብሎ ማለፍም ስህተት ነው። ከዚያ እኔ የምወደውን ጥናት አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ነው፤ የመሩት ኖርበርት ቦስ የተባሉ ተመራማሪ ናቸው። ሕመም ያለባቸውን 46 ታማሚዎች በዕድሜ፣ በጾታና በሥራ ጫና ከሚመስሏቸው 46 ጤነኞች ጋር አነጻጸሩ። የዲስክ ወደ ውጭ መግፋት ወይም መውጣት ከታማሚዎቹ 96 በመቶ፣ ከጤነኞቹም 76 በመቶ ላይ ተገኘ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ነርቩ መጫን አለመጫኑ ላይ ነው፤ 83 በመቶ ለ22 በመቶ። ከዚህ ሌላ የታመመውን ካልታመመው የለየው ሰውየው ለሥራው ያለው ስሜት፣ ጭንቀቱና ድብርቱ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። ይህ ጥናት ለሁለቱም ወገን ያስቸግራል። ነርቭ ሲጫን በእርግጥ ያማል፤ ቁጥሩ ይናገራል። ግን ነርቩ ተጭኖ ያልታመመ ሰውም አለ። እዚያው ጥናት ውስጥ የአካሉና የኑሮው ነገር ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ አንዱ ሌላውን አላባረረውም። በኛ ክሊኒኮች ግን ታማሚው አንዱን እንዲመርጥ ይገደዳል። ወይ የቀዶ ሕክምና ወረቀት፣ ወይ የሥነ አእምሮ ወረቀት።

ቁጥር 9 በቁጣ ገባ። ራሱ በወገብ ሕመም ለዓመታት የተሰቃየ ሰው ነው። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች በተጠቀሱ ቁጥር ታማሚው ውሸታም እንደተባለ እንደሚሰማው ጻፈ። ሥቃዩን ሚስቱ እንኳ መጠራጠር ጀምራ ነበር። ቁጥር 10 ይህን አንብቦ፣ መተኛት የሚወድ ሰው ምክንያት አያጣም በሚል መንፈስ መለሰለት። ነውር ነበር። ቁጥር 11 ይቅርታ እንዲጠይቅ ጠየቀችው፤ ቁጥር 12 ላይ ተመልሶ መጥቶ ግማሽ ልብ ያለው ይቅርታ ጻፈ። እኔ ብሆን ቁጥር 10ን አጠፋው ነበር። አንድ ታማሚ እንዲህ ያለ ቃል ካነበበ ስለ እንቅልፉና ስለ ፍርሃቱ ለሐኪም አፉን አይከፍትም።

ቁጥር 13 ክሩን ዝም አሰኘው። የጻፈችው እናቷን ያስታመመች ልጅ ናት። እናትየው ባላቸውን በሞት ባጡ ዓመት ጀርባቸውን ታመሙ። ቤተሰቡም ሐኪሙም ሐዘን ነው አሉ። እሳቸውም አመኑ። ሌሊት ያልባቸው ነበር፤ ከሲታ ሆኑ፤ ቀሚሳቸው ሁሉ ሰፋቸው። ይህም ለሐዘኑ ተቆጠረ። እግራቸው መዛል ሲጀምር ነው ሌላ ሐኪም ልብሳቸውን አስወልቆ ጀርባቸውን በእጁ የዳሰሰው። አከርካሪያቸው መሐል ላይ አንድ አጥንት ጎብጦ ወጥቶ ነበር። የአከርካሪ ቲቢ ነው። መድኃኒቱን 1 ዓመት ወሰዱ፤ ዛሬ ምርኩዝ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ልጅየዋ ማንንም አልሰደበችም። የጻፈችው ሐዘናቸው እውነት እንደነበረና ቲቢውም እውነት እንደነበረ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች ተርታ የሚያስቀምጣት አገር ውስጥ ነው የምንሠራው። የጀርባ ሕመም ላይ ክሳት፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ሲጨመር በመጀመሪያ ወደ አእምሮ መምጣት ያለበት ይህ ነው። ጭንቀት የሚለው ስያሜ ምርመራ ከሚያስቀር፣ ባይሰጥ ይሻላል።

ቁጥር 14 እና 15 ይህን ይዘው በሐኪሞች ላይ ዘመቱ። ከእነሱ ቀጥላ የመጣችው ቁጥር 16 የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፤ ድፍረቷን አደንቃለሁ። ለቁጥር 9ም ለቁጥር 13ም በአንድ ላይ መለሰች። የሥነ ልቦና ጉዳይ ማለት ሕመሙ የለም ማለት እንዳልሆነ፣ ሥራዋም የሰውን ሕመም መካድ እንዳልሆነ አስቀደመች። ከዚያ ሁኔታው እንዴት እንደሚሠራ አስረዳች። ነርቩ ይታመማል። ሰውየው የወገቡ ነገር እንዳበቃለት፣ ሽባ እንደሚሆን ያስባል። ስለፈራ አይንቀሳቀስም። ስላልተንቀሳቀሰ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ሥራው ይቀራል፣ ሰው መራቅ ይጀምራል፣ ይደበታል። ትንሽ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ከበፊቱ ብሶ ያመዋል፤ የፈራው ነገር የተረጋገጠ ይመስለዋል። ይህን አዙሪት እ.ኤ.አ. በ2000 ቭላየን እና ሊንተን የተባሉ ተመራማሪዎች በደንብ አስቀምጠውታል። ኒውዚላንዶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ሐኪም እነዚህን ነገሮች ከመጀመሪያው እንዲጠይቅ መመሪያ አወጡ። የአካል አደጋ ምልክቶቹን ቀይ ባንዲራ፣ እነዚህን ቢጫ ባንዲራ ይሏቸዋል። ቀዩ መኖር አለመኖሩ ሳይጣራ ወደ ቢጫው አይኬድም። ቢጫውን ለመጠየቅ ግን ወር እና ዓመት መጠበቅ የለበትም።

ባለሙያዋ ስለ ወንድምየው አንድ ነገር አነሳች፤ ማታ ማታ ስለሚያነበው ወረቀት። ሰው ሕመሙን አብዝቶ እያሰላሰለ፣ ክፉውን ብቻ እየጠበቀ፣ ምንም ማድረግ አልችልም ሲል የሚለካበት 13 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ይሠራበታል። እሷ ግን መጠይቁን ከማምጣቷ በፊት ከወረቀቱ ላይ የትኛው ቃል እንዳስፈራው ትጠይቀዋለች። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቃል ነው ትላለች። እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው። ሐኪም ቸኩሎ ወገብህ አልቋል ካለው ሰው ጋር ለወራት እሠራለሁ፤ ግማሹ ሥራዬ ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከጭንቅላቱ ማውጣት ነው።

ቁጥር 17 ከሪያድ ነው። ሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት። ምንጣፍና የውኃ ጀሪካን ደረጃ ለደረጃ ስታመላልስ ወገቧ ላይ ደረሰ። ሕመሙ ወደ ግራ እግሯ ይወርዳል። አሠሪዋ ሥራ ለመሸሽ ነው ብላለች። ደመወዟ አገር ቤት የሚጠበቅ ስለሆነ ለቤተሰቧ አልነገረችም። ሌሊት እንቅልፍ የላትም። ጥያቄዋ የእሷ የነርቭ ነው ወይስ የሐሳብ የሚል አልነበረም። ቁጥር 4 የጠቀሰውን የተረከዝ አረማመድ ሞክራ እንዳልቻለች ነው የጻፈችው። ሐኪሙ ወዲያው በውስጥ መስመር እንድትጽፍለት መለሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ክሩ ላይ አላየነውም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ሳተ። ቁጥር 18 ስለ ፍራሽ ነው፤ ስፖንጅ ይሻላል ወይስ መሬት ላይ መተኛት። ቁጥር 19 እናቶች ወገባቸውን በመቀነት ጠበቅ አድርገው ስለሚያስሩበት ጥበብ ረጅም ጽሑፍ ጻፈች። ቁጥር 20 በርጩማ ላይ ጎንበስ ብሎ እንጀራ መጋገር ትውልድ እንደጨረሰ ተናገረ። ደስ ይሉ ነበር፤ እዚህ ቦታቸው አልነበረም እንጂ።

ቁጥር 21 ላይ ባለ ጥያቄዋ ተመለሰች። ወንድሟ በተረከዙም በጣቱም ይራመዳል። የቀኝ አውራ ጣቱ ግን ስትጫነው ከግራው ቶሎ ይወድቃል። ሽንቱ ደህና ነው። ከዚያ ያልጠየቅናትን ነገር ነገረችን። አባታቸው ከብዙ ዓመት በፊት አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ሳይነሱ አልፈዋል። ሚኒባሷ የተገዛችው በብድር ነው፤ ክፍያው አልተቋረጠም። ወንድሟ እግሩ በደነዘዘ ቁጥር አባቱን ያስባል። ይህን ሁለቱም ሐኪሞች አልጠየቁትም። እሱም አልተናገረም፤ ወንድ ልጅ አይደለ።

የቁጥር 4 ሐኪም ቁጥር 22 ላይ በጥንቃቄ መለሰ። በኢንተርኔት መመርመር እንደማይቻል አስጠነቀቀ። ሆኖም የአውራ ጣቱ ድካም ከሕመሙ መንገድ ጋር መግጠሙ ነርቩ መነካቱን ይበልጥ እንዲጠረጥር አደረገው። ስለዚህ ድካሙ እየጨመረ መሆን አለመሆኑ በአካል መታየት አለበት። ጭንቀት ነው ብሎ የላከው ሐኪም እግሩን መርምሮት እንደነበርም ጠየቀ። አልመረመረውም።

ቁጥር 23 ከቨርጂኒያ ነው። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ወገቡን የተጎዳ ወንድም ነው። የካሳ ጉዳይ ስላለ ኢንሹራንሱ የመረጠው ሐኪም መረመረው። ሪፖርቱ ላይ ምልክቶቹ አካላዊ መነሻ የሌላቸው ናቸው ተብሎ ተጻፈ፤ ካሳውም ተንጓተተ። ሐኪሙ አናቱን ሲጫነው ወገቡን እንዳመመው ተናግሮ ነበር። ተንጋልሎ እግሩ ሲነሳ ጮኸ፤ ቁጭ ብሎ ጉልበቱ ሲዘረጋ ግን ዝም አለ። ይህ ተያዘበት።

ቁጥር 24ን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምርመራውን አውቀዋለሁና። ጎርደን ዋዴል የተባለ የስኮትላንድ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ነው። አምስት ምድብ ምልክቶች አሉት። ቆዳው ቀለል ተደርጎ ሲነካ በሰፊው ማመም፤ አናት ሲጫኑት ወገብ ማመም፤ ተኝቶ ያመመው ተቀምጦ ሳያምም መቅረት፤ እግሩ በሙሉ ደነዘዘ ወይም ደከመ ማለት፤ ለምርመራው ከልክ ያለፈ ምላሽ። ከአምስቱ 3 ከተገኙ የሰውየውን ጭንቀትና ሁኔታ ጠለቅ ብለህ ጠይቅ ለማለት ነበር የታሰበው። በቀዶ ሕክምና ብቻ የማይፈታ ነገር አለ የሚል ጥቆማ ነው። ለውሸት መመርመሪያ ሲያውሉት ዋዴል ራሱ ከክሪስ ሜይን ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ተቃውሞ ጽፏል። ምልክቶቹ ያሉበት ሰው ዲስኩም የወጣ፣ ነርቩም የተጫነ ሊሆን ይችላል። የፈራ ሰው ገና እጄን ስዘረጋ ይሸሻል፤ በእውነት ስለሚያመው ጭምር።

ቁጥር 25 ጠንከር አድርጎ ገጠመኝ። የሚያስመስል ሰው የለም ማለቴ እንደሆነ፣ እኔ ካሳ ከፋይ ብሆን እንዲህ እንደማልጽፍ ተናገረ። የሚያስመስል የለም አላልኩም፤ አለ። ያንን በአምስት ምልክት መለየት አይቻልም ነው ያልኩት። ቁጥር 26 አገዘኝ፤ ከዚያ ቁጥር 25 አልተመለሰም።

ከ27 እስከ 29 ያለው የክሩ ሁለተኛ ቁም ነገር ነው። ቁጥር 27 ለምን ቶሎ ቀዶ ሕክምና አድርጎ አይገላገልም ብሎ ጠየቀ። ሬዚደንቱ ቁጥር 28 ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለታተመው የኔዘርላንድ ጥናት ጻፈ። ከ6 እስከ 12 ሳምንት በከባድ የእግር ነርቭ ሕመም የተሰቃዩ 283 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። ግማሾቹ ቶሎ እንዲቀደዱ፣ ግማሾቹ እንዲጠብቁ፣ ካልቻሉ ኋላ እንዲቀደዱ። ቶሎ የተቀደዱት ቶሎ ተገላገሉ። እንዲጠብቁ ከተደረጉትም 39 በመቶው ኋላ ተቀደዱ። በዓመቱ ግን ከሁለቱም ወገን 95 በመቶው ዳንን አሉ። ስለዚህ ድካሙ እየባሰ ካልሄደና የሽንት ችግር ከሌለ ለመጠበቅ ቦታ አለ፤ መጠበቅ ያልቻለም አይወቀስም። ቁጥር 2 እና ቁጥር 3 ያሉት ዓይነት ዊልቸር እዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

ቁጥር 29 የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ናት። ከቀዶ ሕክምና በፊት የተደበተና በጣም የፈራ ሰው ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚያገኘው ለውጥ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ መሆኑን አስታወሰች። አንዳንድ ሐኪም ይህን ይዞ ድብርት ያለበትን ሰው አልቀድም ይላል። እሷ የምትለው ግን ሁለቱም አብረው ይታከሙ ነው። አውራ ጣቱ እየደከመ ያለ ሰው ድብርቱ እስኪለቀው አይጠበቅም። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ከእሷ ጋር ነኝ።

ቁጥር 30 ስለ ድብርት መጠይቅ ጠየቀ። ፒኤችኪው 9 የሚባለው 9 ጥያቄ በአማርኛ አዲስ አበባ ውስጥ ተፈትሾ ስለሚሠራ ለምን በየክሊኒኩ አይሞላም? ጥሩ ሐሳብ ነው። ቁጥር 31 ግን በትክክል አስተዋለ። እንቅልፍ ማጣትና መድከም ከጥያቄዎቹ ውስጥ አሉ፤ እግሩ ሌሊቱን ሲለበልበው ያደረ ሰው እነዚያን በሕመሙ ብቻ ያስመዘግባል። ድምሩን ብቻ አይቶ መፍረድ አይገባም፤ ሰውየውን ማነጋገር ያስፈልጋል።

ቁጥር 32 ወጌሻ መከረ። የሚያውቀው ወጌሻ ወገብን በአንድ ጠምዘዝ እንደሚመልስ ጻፈ። ሬዚደንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ትዕግሥቱ አለቀ። ነርቭ የተጫነበትን ወገብ ጠምዝዘው ያመጡለትን ታማሚዎች አይቷልና ድምፁን ከፍ አደረገ። ቁጥር 33 ላይ አንድ ጡረተኛ መምህር አበረዱት። እሳቸው ጠበል ሄደው በነበረበት ጊዜ ወገባቸው እንዳልዳነ፣ ግን ሕመማቸውን የሚያዳምጥ ሰው እዚያ እንዳገኙ ጻፉ። ከዚያ ተመልሰው ነው ፊዚዮቴራፒውን የጨረሱት። ለሐኪሙም ሰው ወደ ወጌሻ የሚሄደው እኛ ጋ ስለማንነካውና ስለማናነጋግረው ጭምር መሆኑን በአክብሮት አስገነዘቡት። ልጄ ሆይ ብለው ነው የጀመሩት፤ እሱም ተቀበላቸው።

የመጨረሻው ቁጥር 34 ነው። የጻፈችው ክፍለ ሀገር ባለ ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። ሁሉም የተባለው ትክክል እንደሆነ፣ ግን ለአንድ ታማሚ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ያለው ሐኪም እግሩንም ፍርሃቱንም መቼ እንደሚጠይቅ ጠየቀች። ለዚህ እስካሁን የመለሰ የለም። እኔ ያለሁበት ክፍል ያደረግነውን ልንገራት። እንግሊዝ አገር ኪል ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው የ9 ጥያቄ አጭር መጠይቅ አለ፤ ሕመሙ ወደ እግር መውረዱንም፣ ፍርሃቱንም፣ ስሜቱንም በአንድ ላይ ይጠይቃል። እኛ ከእሱ ሐሳቡን ወስደን ታማሚው ተራ ሲጠብቅ የምናነጋግርበትን ጥቂት ጥያቄ ካርዱ ላይ አስገባን። በሕመሙ ምክንያት ምን ተውክ? ከሁሉም በላይ ምን ይሆንብኛል ብለህ ትፈራለህ? ቤት ውስጥ እንዲህ የታመመ ሰው ነበር? ሥራህስ እንዴት ሆነ? ሽንትህስ? መልሱን ነርሷ ትጽፋለች። ሐኪሙ ካርዱን ሲገልጥ ያገኘዋል፤ ከዚያ ጫማና ካልሲ ያስወልቃል። ካልሲው ሳይወልቅ የሚጻፍ የጭንቀት ወረቀት እኛ ክፍል ቀርቷል። ክሩ አሁንም ክፍት ነው፤ እናንተ ጋ ማን እንደሚጠይቅ ጻፉላት።